የአዞ፣ የሰጎንና የዘንዶ ቆዳ የአደን ቡትስ፦ አጸዳዱና ወዙን አመላለሱ

በቴክሳስ የአጋዘን አደን በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይከፈታል። ጃንዋሪ ላይ ሲዘጋ ደግሞ የኔ ስልክ መጮህ ይጀምራል። «ቡትሴ ተበላሸብኝ፣ እስቲ እየው።» አንዱ በፌስታል፣ ሌላው በካርቶን ይዞልኝ ይመጣል። ከፍቼ ሳየው ችግሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባለቤቱ በደንብ ልንከባከበው ብሎ አበላሽቶታል። በሳሙና አጥቦታል። ሂተር አጠገብ አድርቆታል። ከዚያ መድረቁን ሲያይ ቅባት ደፍቶበታል።

የላም ቆዳ ይህን ሁሉ ችሎ ሊያልፍ ይችላል። የአዞና የዘንዶ ቆዳ ግን አይችልም። ለነሱ ውሃው ትንሽ፣ ቅባቱ ስስ፣ ጊዜው ረጅም መሆን አለበት። ከታች ያለውን ቅደም ተከተሉን ሳታዛቡ ሥሩ። ጫማው ካልራሰ ሥራው ከነማድረቁ ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል። እጃችሁ የሚይዘው ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

አንድ ነገር ላጥራ። «ስኔክ ቡትስ» ተብሎ የሚሸጠው ከእባብ ንክሻ የሚከላከል ረጅም ጫማ ነው። አብዛኛው ከናይሎንና ከላም ቆዳ ነው የሚሠራው። ይህ መመሪያ እሱን አይመለከትም።

መጀመሪያ ቆዳውን ለዩ

ይህን ሳታውቁ ጠርሙስ አትክፈቱ።

ሰጎን ከሆነ ላባው የተነቀለበት ጉብታ አለው። በእያንዳንዱ ጉብታ መሐል ትንሽ ቀዳዳ ትታያለች። ቀዳዳ ከሌለው፣ ጉብታዎቹም በእኩል ርቀት የተደረደሩ ከሆነ፣ የታተመ የላም ቆዳ ነው። ሰጎን በተፈጥሮው ቅባት ያለው ቆዳ ነው። ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

አዞ ከሆነ ቅርፊቶቹ መጠናቸው ይለያያል፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። የናይል አዞ በየቅርፊቱ ላይ መርፌ የወጋት የምትመስል ነጥብ አለችው። አሊጌተር የሚባለው የአዞ ዘመድ ሆዱ ላይ ይህች ነጥብ የለችውም። ኬይማን የሚባለው ሌላው የአዞ ዘመድ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ነገር ግን በቅርፊቱ ውስጥ አጥንት ስላለው ጠንካራና ደረቅ ነው። ሲራመዱ በሚታጠፍበት ቦታ ቶሎ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። የሦስቱም አያያዝ አንድ ነው። ኬይማን የያዛችሁ ግን ደረጃ 5ን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

ዘንዶ ስስ ነው። ቅርፊቱ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራትቱ። በአንዱ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው በኩል ጣታችሁን ይይዛችኋል። የለሰለሰበትን አቅጣጫ አስታውሱ። ከዚህ በኋላ ብሩሽም፣ ጨርቅም፣ ቅባትም የሚሄደው በዚያ ብቻ ነው። እንሽላሊትም እንደዚሁ ነው።

ካንጋሮና ዝሆን ቅርፊት የላቸውም። የዝሆን ቆዳ በመጨማደዱ ውስጥ አቧራ ይደብቃል። የካንጋሮ ቆዳ ስስ ቢሆንም ብርቱ ነው። ሁለቱም ከዚህ በታች ባለው መንገድ ያለ ችግር ይጸዳሉ።

አሁን የሚያብለጨልጭ ወይስ ደብዛዛ እንደሆነ እዩ። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ አዞ ውሃ ጠብ ሲልበት ነጭ ምልክት ይይዛል። ለእርግጠኝነት በጫማው አንገት በውስጥ በኩል፣ ሱሪ በሚሸፍነው ቦታ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ አድርጉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከተመጠጠች ቆዳው ክፍት ነው፤ ቅባትም ውሃም በፍጥነት ይጠጣል። ከላይ ተንሳፋ ከቀረች ቆዳው መሸፈኛ ቀለም አለው። ወዲያው አድርቋት።

የሚያስፈልጋችሁ

ሁለት ለስላሳ የፈረስ ፀጉር ብሩሽ፤ አንዱ ለአቧራ፣ አንዱ ለማወልወያ። አንድ በጣም ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ያረጀ ነጭ ካናቴራ ተቀድዶ አራት አምስት ቁራጭ። ነጭ የሆነበት ምክንያት አለው፦ ቀለም ከለቀቀ ወዲያው ይታያችኋል። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ ጽሑፍ የሌለበት ወረቀትና የእንጨት ፎርማ (ጫማው ቅርፁን እንዲይዝ ውስጡ የሚገባ) ጨምሩ።

ውሃው ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ቢሆን ይመረጣል፤ ለካውያ ተብሎ ይሸጣል። የቧንቧ ውሃ በብዙ ቦታ ኖራ ይበዛዋል፣ ሲደርቅም ነጭ ዱካ ይተዋል። ካጣችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዙትና አጥልሉት።

ለቅባት፣ ጀርባው ላይ ለአዞ፣ ለሰጎንና ለመሳሰሉት ቆዳዎች እንደሚሆን የተጻፈበትን ግዙ። ሳፊር የሚባለው የጫማ ቅባት አምራች «ሬፕታን» የሚባል ለእባብና ለአዞ ዓይነት ቆዳ የተሠራ ክሬም አለው። ቢክሞርም ለእነዚህ ቆዳዎች ብቻ ያዘጋጀው አለ። የዚያው ቤት «ቢክ 4» ደግሞ ቀለም ስለማያጠቁር ለሰጎንና ለካንጋሮ ጥሩ ነው።

ፈጽሞ የማትነኳቸው

ላርጎ፣ ኦሞ፣ በረኪና፣ የገላ ሳሙና። ቆዳ በተፈጥሮው ወደ አሲድ ያደላል፤ የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ ከ3.5 እስከ 5 ባለው ውስጥ ነው። የገላ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ያጠነክረዋልም። የኮርቻ ሳሙናም በብዛት እንደዚያው ስለሆነ ለነዚህ ቆዳዎች አይሆንም።

ቫዝሊን አቧራ ይሰበስባል። ቅቤ፣ የኑግ ዘይት፣ የወይራ ዘይት ቆዳ ውስጥ ገብተው ይበላሻሉ፣ ይሸታሉም። የሚንክ ዘይትና የከብት እግር ዘይት ቆዳውን ያጠቁራሉ፣ ከልክ በላይም ያላሉታል። ቅርፊት ያለው ቆዳ ሲላላ ቅርፊቱ መነሣት ይጀምራል። ሲሊኮን ያለበት ስፕሬይ ከላይ ይሸፍንና ኋላ የምትቀቡት ቅባት እንዳይገባ ያግደዋል።

ጫማውን ሊስትሮ ዘንድ የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። «ወንድሜ፣ ውሃ የነካ ብሩሽ አይንካው፣ ቀለምም አትቀባው፣ በደረቅ ብቻ አውልውልልኝ» በሉት። ሥራውን የሚወድ ሊስትሮ ምክንያቱን ስትነግሩት ደስ ብሎት ይሰማል።

ደረጃ 1፦ ከሜዳ የተመለሳችሁ ዕለት

የጫማውን ክር አውጡ። የውስጥ ሶሉንም አውጡና ለብቻው አስጡት። ላብ ያለበት ሶል ውስጥ ከቀረ ገበሩ ይሻግታል።

የተጋገረ ጭቃ ካለ ትልልቁን በእንጨት ቁራጭ አንሡ። ቢላዋ አይሆንም። የቀረውን እርጥብ ጭቃ አትፈትጉት፤ አሸዋው ቅርፊቱን ይቧጥጠዋል። በጥላ ደርቆ ይደር፣ በማግሥቱ በብሩሽ ይረግፋል። ሳምንት ግን አታቆዩት። ደረቅ ጭቃ የቆዳውን ወዝ ይመጥጣል። በምዕራብ ቴክሳስ መንገድ ላይ ያለው ካሊቼ የሚባለው ነጭ አቧራ ከሁሉ ይከፋል። ኖራ ስለሆነ ቆዳውን ያደርቀዋል።

ደም ከነካው ያኔውኑ፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በረጠበ ጨርቅ እየነካካችሁ አንሡት። ሞቅ ያለ ውሃ ደሙን አርግቶ ቆዳው ላይ ያስቀረዋል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ልብስ ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ቆዳ ላይ ግን ቀለሙን ይበላዋል።

መስኪት የሚባለው ዛፍ እሾህ የገባበት ካለ በወረንጦ በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ወደ ጎን አትጎትቱ።

ደረጃ 2፦ ደረቅ ጽዳት

ጫማው ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሳለ በአቧራ ብሩሽ ጥረጉ። ለዘንዶና ለእንሽላሊት ቀድማችሁ ባወቃችሁት አቅጣጫ ብቻ። ብሩሹን አንሥታችሁ እንደገና ከመነሻው ጀምሩ እንጂ ወዲያና ወዲህ አትመላለሱ። ለአዞ በቅርፊቶቹ መጋጠሚያ ቦይ ላይ ቀስ አድርጋችሁ የጥርስ ብሩሹን አስኪዱ። ለሰጎን በየጉብታው ዙሪያ ትንሽ ትንሽ እየዞራችሁ።

ሰጎኑን ወደ መስኮት ወስዳችሁ በብርሃን እዩት። ከጉብታው ሥር ቀጭን ቡናማ ቀለበት ትታያችኋለች። የጫማው ቀለም የምትመስለው ያቺ ቀለበት አቧራና አሮጌ ቅባት ናት። እሷ ሳትወጣ ቅባት ከቀባችሁ ጭቃ እያደረጋችኋት ነው።

ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን ስፌት አትርሱት። አሸዋ እዚያ ተቀምጦ በየእርምጃው ክሩን ያርደዋል።

ደረጃ 3፦ እርጥብ ጽዳት

ደረቁ ብቻ ከበቃ ይህን ዝለሉት። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ግማሹ ጫማ ይህ ደረጃ አያስፈልገውም።

ካስፈለገ ጨርቁን አርጥቡና አጥብቃችሁ ጭመቁት። ለሙከራ በእጃችሁ ጀርባ ላይ አሳርፉት። ቅዝቃዜው ከተሰማችሁ ግን ጠብታ ካልቀረ ልክ ነው። በጫማው ላይ ከመዳፍ የማትበልጥ ቦታ ብቻ ያዙ፣ ጥረጉ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተከተሉት። ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ውሃው ብቻ ካላነሣው ለእነዚህ ቆዳዎች የተሠራ ማጽጃ ጨርቁ ላይ አድርጉ። ቀጥታ ጫማው ላይ አታፍስሱ። ማጽጃው ከሌላችሁ በአንድ ስኒ ውሃ አንዲት ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ይበቃል። በመጨረሻ በንጹህ ውሃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ አንሡት።

ነጩ ካናቴራ ላይ የጫማው ቀለም ከታየ አቁሙ። ቀለሙ እየለቀቀ ነው። አድርቁትና በቀጥታ ወደ ቅባቱ እለፉ።

ደረጃ 4፦ ማድረቅ

የመጀመሪያውን የኬይማን ቡትሴን ያጣሁት እዚህ ላይ ነው። ለከርከሮ አደን ወጥቼ ንጋት ላይ ጤዛ በጠገበ ሣር ውስጥ ስሄድ ጫማዬ ራሰ። ወደ ቤት የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር። ጫማውን አውልቄ መኪናው ወለል ላይ፣ የሂተሩ አየር የሚወጣበት ሥር አስቀመጥሁት። ቤት ስደርስ የቅርፊቶቹ ጠርዝ እንዳደረ እንጀራ ወደ ላይ ተቆልምሟል። በሚታጠፍበት ቦታ በጣቴ ስነካው ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀ። ድምፁን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲያገኘው ውስጡ ያሉት ክሮች ይኮማተራሉ። አንዴ ከተኮማተሩ አይመለሱም። ስለዚህ ሂተር፣ እሳት ዳር፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ፀሐይና የተዘጋ መኪና ሁሉም ክልክል ናቸው። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

በጨርቅ ብቻ የተጠረገ ጫማ 24 ሰዓት ይበቃዋል። የራሰ ከሆነ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ስጡት። ውስጡን ጽሑፍ በሌለው ወረቀት ጠቅጥቁ፣ ግን አትወጥሩት። ጋዜጣ ቀለሙ ወደ ገበሩ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ወረቀት ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይሩት፣ ከዚያ በየሦስት አራት ሰዓቱ። ጫማውን በጎኑ አስተኙት፣ ሶሉም አየር ያግኝ። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ መውጣት ሲጀምር ፎርማውን አስገቡ።

ደርቋል አልደረቀም ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ እጃችሁን ወደ ጫፉ አስገቡ። ከክፍሉ አየር ይልቅ ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው።

ደረጃ 5፦ ወዙን መመለስ

ቅባቱን መጀመሪያ በተሸሸገ ቦታ ሞክሩና እስኪደርቅ ጠብቁ። ቀለሙ ካልተቀየረ ቀጥሉ።

ለአንድ እግር ጫማ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጀምሩ። ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ ጨርቁን ከጨርቁ አፋትጉት፤ ቅባቱ ይሰራጫል፣ በእጃችሁም ሙቀት ይለሰልሳል። ከዚያ ከሚታጠፈው ቦታ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው። ወደ ጫፉ፣ ወደ ተረከዙ፣ በመጨረሻ ወደ አንገቱ ሂዱ።

በአዞ ላይ የቅርፊቱ ፊት ብዙ አይጠጣም። ቅባት የሚፈልገው መጋጠሚያው ነው። እዚያ ነው የሚሰነጠቀውም። በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጫፍ ትንሽ ወስዳችሁ በቦዩ ላይ አስኪዱ። ከዚያ ፊቱን ጨርቁ ላይ በቀረው ብቻ ዳሱት። ኬይማን የያዛችሁ፣ ቦዩን ከጨረሳችሁ በኋላ ጫማውን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አጠፍ ዘርጋ አድርጉትና እንደገና ተመልከቱ። ሲታጠፍ ነጣ ያለ መስመር ከታየ ያ ቦታ ገና አልጠጣም።

በዘንዶ ላይ በቅርፊቱ አቅጣጫ ብቻ፣ እንደ እስትንፋስ ስስ አድርጋችሁ። ቅባት ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ከተጠራቀመ ቅርፊቱን ያነሣዋል። በሰጎን ላይ ክብ ክብ እያላችሁ፣ ጉብታው ጫፍ ላይ ሳታከማቹ።

ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። በደረቅ ጨርቅ የተረፈውን አንሡ። አሁን ዳሱት። ጣታችሁ ደረቅ ከሆነ ሁለተኛ ስስ ዙር ይፈልጋል። ከተጣበቀ ወይም ካንሸራተተ በቅቶታል። ሦስተኛ ዙር የሚባል የለም። ሌሊቱን ይደር።

የክረምት ዝናብም ሆነ አደን ካልበዛበት በየሁለት ሦስት ወሩ ይበቃል። ውስጡ ጎሬቴክስ (ውሃ የማያስገባ፣ አየር ግን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) ያለበት ጫማ ከሆነ ወፍራም ዘይት ራቁ፤ አየር ማስወጫውን ይደፍነዋል።

ደረጃ 6፦ ማወልወል

በማግሥቱ በንጹሁ የፈረስ ፀጉር ብሩሽ፣ ቀጥሎ በደረቅ ካናቴራ። ግፊት አያስፈልግም። ክሬም መቀባት ካለባችሁ ቀለም አልባውን ምረጡ። ጥቁር ክሬም በአዞ መጋጠሚያና በሰጎን ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጦ አይወጣም።

ደረጃ 7፦ ማስቀመጥ

ፎርማው ውስጡ እንዳለ በጥጥ ከረጢት ወይም በአሮጌ የትራስ ልብስ። ፌስታል እርጥበት አፍኖ ያሻግታል። ናፕታሊን ካስቀመጣችሁ ቆዳውን እንዳይነካ። በወር አንዴ አውጡና አየር አሳዩት።

ኢትዮጵያ ላለ አባት ወይም ወንድም ልትልኩ ያሰባችሁ፣ አዞና ዘንዶ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይትስ ስምምነት ሥር ናቸው። በፖስታ ከመላካችሁ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ሲበላሽ

*ቅባት በዝቶ ተጣበቀ።* በደረቅ ጨርቅ አንሡ፣ 24 ሰዓት ተዉት፣ በብሩሽ ጥረጉ። ቅባቱን ለማስለቀቅ ሳሙና አትጨምሩ።

*ቀለሙ ጠቆረ።* 48 ሰዓት ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሌላውን እግር ለማመሳሰል ብላችሁ አብዝታችሁ አትቀቡ። ቀጭን ዙር ብቻ ሞክሩና አወዳድሩ።

*ነጭ ነገር ወጣበት።* ሻጋታ ነው ወይስ የቆዳው ስብ? ሞቅ ባለ ጣት ለአንድ ደቂቃ ያዙት። ከቀለጠና ከጠፋ ስብ ነው፣ ጥረጉትና ጨርሱ። ካልቀለጠ፣ የሻገተ ሽታም ካለው፣ ሻጋታ ነው። ወደ ውጭ አውጡት። ደጅ ላይ በደረቅ ጨርቅ አንሡ፣ ጨርቁንም ጣሉት። አልኮልና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ የውስጥ ገበሩን ብቻ ጥረጉ። አልኮል የላዩን ቀለም ስለሚያነሣ ውጩን አይንካው።

*የጨው ወይም የላብ ነጭ ዱካ።* አንድ እጅ ነጭ አቼቶ፣ ሁለት እጅ ውሃ። በጨመቃችሁት ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉ፣ በንጹህ ውሃ ተከተሉ፣ አድርቁ፣ ቅባት ቀቡ።

*ቅርፊት ተነሣ።* አትላጡት፣ አትቁረጡትም። በስቴኪኒ ጫፍ የሚለጠጥ የቆዳ ማስቲሽ ትንሽ ከሥሩ አስገቡ። በቅርፊቱ አቅጣጫ በጣታችሁ ተጫኑ። የተረፈውን ሳይደርቅ አንሡ። ላዩ ላይ ሰም የተቀባ ወረቀት አድርጋችሁ ቀለል ያለ ክብደት አሳርፉበት፤ ሌሊቱን ይደር።

*ተሰነጠቀ።* ቅባት ስንጥቅ አይገጥምም። የተበጠሰው ክር ተመልሶ አይያያዝም። ከላይ ብቻ ከሆነ በየወሩ መጋጠሚያውን በስሱ ቀቡ፣ መስፋቱን ይገታዋል። ገበሩ ከታየ ግን ጫማ ሠሪ ዘንድ ውሰዱትና ከውስጥ በስስ ቆዳ ያስደግፈው። ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ሳምንት ቅባት አትንኩ፣ ማስቲሽ ቅባት ላይ አይይዝም።